ሁለት የወተት ጥርሶች

እትዬ ተዋበች ማረፋቸውን የሰማሁት ሆላንድ አገር፣ አምስተልቨን ከተማ፣ የሰው መስኮት እየወለወልኩ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ልጃቸው ሶስና ናት። እዚህ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ አጭር ነው። «እመቤት፣ ማማ ዛሬ ጠዋት ሄደች። ተኝታ ነበር። ምንም አላመማትም» አለችኝ። እናቷን እንዲህ «እሷ» እያለች ስታወራ ሁልጊዜ ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልቆረቆረኝም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጨርቁን እንደያዝኩ ቆምኩ። መጀመሪያ የቆጨኝ ነገር «በስንት ሰዓት?» ብዬ አለመጠየቄ ነው። እትዬ ተዋበች ቢሆኑ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት እሱን ነበር። ጠይቀውም ይጽፉት ነበር።

እኔ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቤት እየሄድኩ የማጸዳ ሰው ነኝ፤ እዚህ አገር ታውስሁልፕ ይሉናል። ወልድያ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሆነልኝም። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ካላገኘሁ ሠራተኛ ከምጠይቅ ባዶ እጄን ብወጣ እመርጣለሁ። ስለዚህ ስለ ሰው ልጽፍ ስነሳ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም እሳቸው ስላስለመዱኝ ነው።

አምስተርዳም ዳር ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ኦስዶርፕ፣ የተላክሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ወረቀቱ ላይ የነበረው የሟች ባላቸው የሆላንድ ስም ስለሆነ ሐበሻ ቤት እንደምሄድ አላወቅኩም። በሩን የከፈቱልኝ አጭር፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ እጃቸው ላይ ትልቅ የወንድ ሰዓት አስረዋል። ሰዓታቸውን አዩና በሆላንድኛ አምስት ደቂቃ መቅደሜን ነገሩኝ። ከዚያ ፊቴን አተኩረው አዩና በአማርኛ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ ሲጠይቁኝ ወለል ወለሉን እያየሁ ነገርኳቸው። «ቀና በይ» አሉኝ። «እኔ እዚህ አገር ሥራ የገባሁት ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ነው። ጠርሙስ ማጠብ ቀላል እንዳይመስልሽ። በደንብ ያልታጠበ ጠርሙስ ይዋሻል።»

ነገሩን ያስረዱኝ ቀስ በቀስ ነው፣ በየማክሰኞው። በሃያ ዓመታቸው ነው የመጡት፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ረዳት ከነበሩ በኋላ። የተቀጠሩት ወተት የሚመረመርበት ቤት ነው። በየሳምንቱ ከገበሬዎች ወተት ይመጣል። ወተቱን በእሳት ያደርቁታል፣ ከዚያ አመድ እስኪሆን ያቃጥሉታል። የሚቀረውን አመድ ጨረር በሚቆጥር መሣሪያ ውስጥ ያስገቡታል። ጠርሙስ ሲያጥቡ ቆይተው በሁለተኛው ዓመት አመዱን የሚለኩት እሳቸው ሆኑ።

ወተት ውስጥ ጨረር ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ቤት ጥያቄ መጠየቅ ጀምሬ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ኃያላኑ አገሮች የአቶሚክ ቦምባቸውን የሚሞክሩት በአየር ላይ ነበር፣ በረሃ ላይ፣ ባሕር መካከል ባሉ ደሴቶች ላይ፣ በረዶ ባለበት ሰሜን። ሩቅ ነው፣ ማንም የለበትም ይሉ ነበር። ግን የፈነዳው አቧራ በጣም ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ነፋስ ዓለምን ያዞረዋል፤ ከዚያ በዝናብ ይወርዳል። ዝናቡ ሣር ላይ፣ ሣሩን ላም፣ ከላሟ ወተት። ከአቧራው ውስጥ ስትሮንቲየም የሚባል አንድ ነገር አለ። አጥንት እሱን ከሚሠራበት ከካልሲየም መለየት አይችልም። ልጅ በወተት ሲጠጣው አጥንቱና ጥርሱ እንደ ራሱ ዕቃ አድርገው ይቀበሉታል።

«ቀን ወተቱን እለካለሁ» አሉኝ። «ቁጥሩ ከፍ ማለቱን በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ያንኑ ወተት ለዮናስ አሞቃለሁ። ምን ላድርግ? ሌላ ወተት ከየት አመጣለሁ?»

ዮናስ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፣ አሁን ሮተርዳም ወደብ ላይ የሚሠራ ትልቅ ሰው። የተወለደው በአየር ላይ የሚደረገው ሙከራ በበዛበት ጊዜ ነው። ሶስና የተወለደችው ኃያላኑ ተፈራርመው በአየር ላይ መሞከር ካቆሙ ከዓመታት በኋላ ነው። ቁጥሩ በፊርማው ማግስት አልወረደም አሉኝ። ላይ የቀረው ገና እየወረደ ስለነበር ጭራሽ ጨመረ፤ ከዚያ ነው ዓመት በዓመት መቀነስ የያዘው። «ሶስናን ሳጠጣት እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ ብርጭቋቸውን ብርሃን ላይ አንስተው አዩት። ወተት ሲጠጡ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ሰው ቢኖርም ባይኖርም።

በሥራዬ ጠንካራ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ግን ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ አስለመዱኝ። የደም ግፊታቸውን በየሳምንቱ የምጽፍበት ደብተር ሰጡኝ። አንድ ቀን «ዛሬ ደህና መሰለኝ» አልኳቸው። «መሰለኝ አይለካም» አሉኝና መሣሪያውን እንደገና እጃቸው ላይ አስጠመዱኝ። ሌላ ቀን የረሳሁትን ሳምንት በግምት ልሞላ ስል አዩኝ። ባዶውን ባዶ አድርገሽ ተዪው፣ ባዶም ወሬ ነው አሉ። ይህንን እስከ ዛሬ ከአፌ አልለየውም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ዴን ሃግ ካለ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ መጣላቸው። አገሮች በአየር ላይ የኒውክሌር መሣሪያ መሞከር ለምን እንዳቆሙ ለሰዎች እንዲናገሩ ነው የጠየቋቸው። ደስ አላቸው። ሰማንያ አራት ዓመት ሆኗቸው ሰው ስለ ሠሩት ሥራ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነበር። የሚለብሱትን ቀሚስ አስተኮሱኝ። የስፌት ዕቃ መሳቢያቸውንም እንዳጸዳ አዘዙኝ። የማይረባውን ጣዪው ብለው ገላቸውን ሊታጠቡ ገቡ።

መሳቢያው ውስጥ፣ ከቁልፎችና ከክር በታች፣ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አገኘሁ። ስከፍታት ሁለት የተጠቀለሉ ወረቀቶች አሉባት። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ የወተት ጥርስ። ወረቀቶቹ ላይ ጽሑፍ ነበር፤ አላነበብኩትም። ያየሁት ጥርሶቹን ብቻ ነው። ልቤ ነው የተነካው። እኛ ሰፈር የልጅ የወተት ጥርስ ቤት ውስጥ አያድርም። ጣሪያ ላይ ይወረወራል፤ ክፉውን ወስዶ ደጉን እንዲያመጣ ለቁራ ይነገራል። ያልተወረወረ እንደሆነ የሚበቅለው ጠማማ ይሆናል ይባላል። እነዚህ ምስኪን ልጆች ሰው አገር ተወልደው የሚወረውርላቸው አጥተው ነው ብዬ አሰብኩ። እናትየው በሥራ ተወጥረው ረስተውት ይሆናል። ውለታ ልሠራላቸው ፈለግሁ።

ወረቀቶቹን ወረቀት መጣያ ውስጥ ከተትኩ። ጥርሶቹን ይዤ ወደ ጋለሪው ወጣሁ፤ ጋለሪ የምለው የየቤቱ በር የሚከፈትበት ረጅሙ በረንዳ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ የሕንጻው ጣሪያ አይደረስበትም። ከታች ግን ብስክሌት የሚቀመጥባቸው ክፍሎች ረድፍ አለ፤ ቤርኺንግ ይሉታል፤ ጣሪያቸው ዝርግ ነው። እዚያ ላይ ወረወርኩ። ጎረቤታቸው ጋለሪው ላይ ቆሞ ያጨስ ስለነበር አፈርኩና ለቁራው የሚባለውን ቃል አላልኩም። ሳጥኗ ባዶ ስለሆነች ጣልኳት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስገባ ቤቱ ተገለባብጦ ነበር። መሳቢያዎች ወለሉ ላይ ተደፍተዋል። አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን አይተሽ እንደሆነ ብለው ጠየቁኝ። የልጆቼ ጥርሶች ናቸው፣ አንዱ የዮናስ፣ አንዱ የሶስና፣ ዴን ሃግ ይዣቸው ልሄድ ነው አሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በአሜሪካ እናቶች የልጆቻቸውን የወተት ጥርስ ሰብስበው ለተመራማሪዎች ይልኩ እንደነበር፣ ጥርሶቹ ውስጥም ያው ስትሮንቲየም እንደተገኘ ከዚያ በፊት አጫውተውኛል። እሳቸው ግን የራሳቸውን አልላኩም፤ አስቀመጡት። ሙከራው ሳይቆም የተወለደ ልጅና ከቆመ በኋላ የተወለደች ልጅ፣ ጎን ለጎን።

«አላየሁም» አልኳቸው።

ይህንን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል። አፌ ቀድሞኝ ነው። ከሥራዬ መባረር ፈራሁ ማለት እችላለሁ፤ እውነት ነው፣ ፈርቻለሁ። ይበልጥ የፈራሁት ግን አምነው የሚያዩኝ ዓይኖቻቸው እንዳይለወጡብኝ ነው።

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ እኔ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስሄድ እትዬ ተዋበች መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለዋል። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። ፀጉራቸውን አላበጠሩም። ሰዓታቸውን አላሰሩም። እሱን ሳይ ደነገጥኩ።

«እመቤት፣ ዴን ሃግ አልሄድም» አሉኝ። «ሐኪሜ ጋም ልደውል ነው። አእምሮዬ እየለቀቀኝ ነው፣ ልጄ። ሃምሳ ዓመት ያስቀመጥኩትን ነገር የት እንዳደረግሁት ጠፍቶኛል። ሶስና ብቻሽን መኖር ይብቃሽ ካለችኝ ቆይታለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም።»

የሰው ቤት ስልክ ሲደወል እንኳ የማላነሳ ሰው ነኝ። ግን ስልኩን ከጭናቸው አነሳሁት።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ጥርሶቹን እኔ ነኝ የጣልኳቸው። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ።

«የት ጣልሻቸው?»

«ጣሪያ ላይ።»

«የትኛው ጣሪያ?»

«የብስክሌቱ።»

«እሱ እኮ ከእኛ በታች ነው። ወደ ታች ወረወርሽው?»

«አዎ።»

«ቃሉንስ? ቃሉን ብለሻል?»

«አላልኩም። ያ የሚያጨሰው ሰውዬ ነበር፣ አፈርኩ።»

እትዬ ተዋበች ሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ መላ ሰውነታቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወደ ታች ተወርውሮ፣ ቃል ሳይባል፣ ይኼ እንዴት ይቆጠራል እያሉ ደረታቸውን ያዙ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «እንግዲያው አእምሮዬ ደህና ነው» አሉ። ሁለት ጊዜ ደጋገሙት።

ተረሳ ብዬ ስነሳ መልሰው አስቀመጡኝ። «ጥርሱን መጣልሽ ስህተት ነው፤ ስህተት ይታረማል» አሉኝ። «አላየሁም ያልሽው ግን የሐሰት ቁጥር ነው። ሰባት ቀን ሙሉ በሐሰት ቁጥር ራሴን ስመረምር ኖርኩ።» አልጮኹም። ቢጮኹ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ወደ ሃውስሜስተሩ፣ ማለት ወደ ሕንጻው ጠባቂ፣ ሄጄ መሰላል እንድለምን ያዘዙኝ ያኔውኑ ነው። አብረውኝ አልሄዱም። በሆላንድኛ ምን ልበለው ስላቸው እውነቱን ንገሪው፣ እውነት አጭር ነው አሉኝ። ሄጄ ሁለት የልጅ ጥርስ ጣሪያ ላይ መጣሌን ነገርኩት። ሰውየው እንደገና እንድናገር አደረገኝ፤ እንደገና ነገርኩት። መሰላሉን አመጣና ራሱ ወጣ። በጠጠሩና ጣሪያው ላይ በበቀለው የድንጋይ ሽበት መካከል ተንበርክኮ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለገ። እትዬ ተዋበች ከጋለሪው ላይ ሆነው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይሉታል። የሚያጨሰው ጎረቤትም ጥርሱን በየት በኩል እንደወረወርኩ እየጠቆመ አገዘ። ለካ አይቶኝ ነበር።

የተገኘው አንድ ጥርስ ነው። ሌላውን ቁራ ወሰደው፣ ወይም ዝናብ። የተገኘው የማን እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም፤ ስም ያለባቸው ወረቀቶች በቆሻሻ መኪና ተጭነው ሄደዋል።

ዴን ሃግ በባቡር ሄድን። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፣ አረጋውያንና ተማሪዎች። እትዬ ተዋበች ቆመው ተናገሩ፣ ወንበር ይዘው። ስለ ወተቱ ተናገሩ። ለቦምብ ሙከራ ከተከለለው ቦታ ውጪ ዓሣ ሲያጠምዱ ነጭ አመድ እንደ በረዶ ስለዘነበባቸው የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ተናገሩ። አንድ ወጣት እጁን አነሳና መሪዎቹ ለምን እንዳቆሙ በአጭሩ እንዲነግሩት ጠየቀ።

«ደግ ሆነው አይደለም» አሉት። «ወተቱ የእነሱም ልጆች ወተት ስለነበረ ነው።»

ከዚያ ዘርዘር አደረጉለት። እናቶች አደባባይ ወጡ፤ ሳይንቲስቶች ቁጥሩን ደብቁ ቢባሉም አንደብቅም አሉ፤ በኩባ ጉዳይ ሁለቱ ኃያላን ዓለምን ሊያጠፉ ተቃርበው ራሳቸውም ደንግጠው ነበር። ደግሞም በአየር ላይ የሚደረገውን ከውጭ ሆኖ ማወቅ ይቻላል። ጎረቤቴ ጋለሪው ላይ ሲያጨስ ሁላችንም እናውቃለን አሉ፤ ቤርኺንጉ ውስጥ በር ዘግቶ ቢያጨስ ግን ማን ያውቃል? ከመሬት በታች የሚደረገውን ግን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብሎ መካድ ይቻላል፤ እንዴት እንደሚቆጣጠሩትም ሊስማሙ አልቻሉም፤ ስለዚህ የአየሩን፣ የጠፈሩንና የባሕሩን ብቻ ከለከሉ፣ ሌላውን መሬት ውስጥ ቀበሩት። ያልፈረሙ ሁለት አገሮች በአየር ላይ መሞከራቸውን ለዓመታት ቀጠሉ። «ግማሽ ሥራ ነው» አሉ። «ግን በዚያ ግማሽ ሥራ የልጄ ወተት ጠራ። አመስጋኝ ነኝ። ግማሽ ነው ብዬ አላቃልለውም።»

ጥርሱን በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ላይ አድርገው አሳዩ። አንዲት ሴት፣ በጥሪ ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥርስ ይላል፣ ሌላውስ የት አለ ብላ ጠየቀች። እትዬ ተዋበች ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገሪያቸው» አሉኝ።

እምቢ ማለት ፈለግሁ። ግን ተነሳሁ። በተሰባበረ ሆላንድኛ ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ጣሪያው፣ አላየሁም ብዬ ስለመዋሸቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ስለ ውሸቱ ስናገር ሳቃቸው ቆመ። ሴትየዋ ሲወረወር የሚባለውን ቃል እንድነግራት ጠየቀችኝ። እዚያ ላይ አቃተኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ተዋበች ደረሱልኝ፤ እሱ ጣሪያ ሥር ቆሞ የሚባል ነው፣ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም አሏት።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ፣ ጥርሱ የማን እንደሆነ ዛሬ መመርመሪያ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አለ አሉኝ። ግን ለመመርመር ፈጭቶ ማቃጠል ነው። «ስንት ወተት አቃጥያለሁ፣ እመቤት። ይቺ ትቅር። አላውቅም ማለትም መልስ ነው» አሉና ጨርቁን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከሌይደን ጀምሮ አምስተርዳም እስከምንወርድበት እስከ ሌሊላን ጣቢያ ትከሻዬ ላይ ተኝተው መጡ።

ቀብራቸው ላይ ሶስናና ዮናስ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሲያበቃ ሶስና ክብሪት ቤት የምታህል ካርቶን ሰጠችኝ። ማማ ለአንቺ ያስቀመጠችው ነው፣ እኔና ዮናስ ተስማምተናል አለችኝ። ስከፍታት ጥርሱ አለ። ከሥሩ በእትዬ ተዋበች የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀኑና ሰዓቱ ከላይ ተጽፎ፣ እንዲህ ይላል፦

«ለእመቤት። ከታች ወደ ላይ። ከነቃሉ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ እሳቸው ቤት በምገባበት ሰዓት፣ ኦስዶርፕ ሄድኩ። ወደ ፎቅ አልወጣሁም። ብስክሌቶቹ ክፍል ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ቆምኩ። ያ ጎረቤት እንደ ልማዱ ጋለሪው ላይ ያጨሳል። ልጠብቀው አስቤ ነበር፣ እስኪገባ። ከዚያ ተውኩት።

ወደ ላይ ወረወርኩ። ጠጠሩ ላይ ጠብ ሲል ሰማሁት።

«ቁራ፣ ቁራ፣ ክፉውን ውሰድ፣ ደጉን አምጣልን» አልኩ። ሰውየው ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ ቁልቁል አየኝ። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።

ሰዓቱን አየሁ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ነበር። የሰጡኝን ደብተር አውጥቼ ጻፍኩት።